ንጉሡም ሳሉጉም መቃብር ያጡበት ቆላ

ከጎንደር ተነስቶ ወደ ምዕራብ 200 ኪሎ ሜትር ያህል ቁልቁል የተጓዘ ሰው የሱዳን ድንበር ላይ መተማ ዮሐንስ ይደርሳል። ከተማዋ ሁለተኛ ስሟን ያገኘችው ከአፄ ዮሐንስ አራተኛ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም እዚህ በጥይት ተመትተው በማግስቱ አረፉ። በስማቸው የምትጠራ ከተማ አለች፤ በነገሥታት ወግ፣ በካህናት ፍትሐት ያረፉበት መቃብር ግን የለም። ራሳቸው ተቆርጦ እስከ ኦምዱርማን ተወስዶ ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጓል።

በዚያችው ከተማ ዙሪያ ባለው የሰሊጥ ማሳ ዛሬም ቀን ሠራተኞች ይሞታሉ። በወባ፣ በካላዛር፣ በእባብ፣ በመኪና አደጋ፣ በጥይት። ከእነዚህ መካከል ወላጆቹ የት እንደተቀበረ የማያውቁለት ልጅ አለ። ከ130 ዓመት በላይ በሆነ ልዩነት የአገሪቱ ትልቁ ሰውና ምንም የሌለው ወዛደር በአንድ ምድር ላይ አንድ ዓይነት ዕጣ ደርሷቸዋል።

የምዕራብ ጎንደር ቆላ ታሪክ በአመዛኙ ከሌላ ቦታ የመጣ ሰው ታሪክ ነው። ሊሳለም የወጣ ምእመን፣ ነጋዴ፣ ወታደር፣ ስደተኛ፣ ሰፋሪ፣ ሰሊጥ አጫጅ። ሁሉም እዚህ ሞተዋል። ሁሉም ግን መቃብር አላገኙም። ማን አገኘ፣ ማን አጣ ተብሎ ሲጠየቅ ልዩነቱ በማዕረግም በሃይማኖትም አይገለጽም። ከሟቹ በኋላ ስሙን የሚጽፍ፣ ቦታውን የሚያስታውስ አካል ነበር ወይስ አልነበረም? ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

▪️ የሞት ጥላ ያለበት ሸለቆ

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ከጎንደር ወደ ሰናር ሲጓዝ በ1764 ዓ.ም (በጎርጎርዮሳዊው 1772 መጀመሪያ ወራት) በዚህ ቆላ አልፏል። በወቅቱ አካባቢው ራስ ኤል ፊል ይባል ነበር፤ በአረብኛ የዝሆን ራስ ማለት ነው። የጎንደር ቤተ መንግሥት የድንበር ግዛት ሲሆን በቦታው የሚያስተዳድረው ያሲን የተባለ ሙስሊም ሹም ነበር። ብሩስ በያሲን መንደር ታሞ ብዙ ሳምንታት ከረመ። የመንደሩን ስም ሆር ካካሙት ብሎ መዝግቦታል፤ ትርጉሙንም የሞት ጥላ ያለበት ሸለቆ ሲል አስፍሯል።

ትርጓሜው በቋንቋ ሊቅ ሚዛን ያልፍ አያልፍ ሌላ ጉዳይ ነው። ቁም ነገሩ የደጋ ሰው ስለ ቆላው የነበረውን ፍርሃት በትክክል መያዙ ነው። የጎንደር ሰው ንዳድ የሚለው የወባ ትኩሳት ከደጋ የወረደን ሰው በአንድ ክረምት ይጨርሰዋል። ስለዚህ ደገኛ ቆላ ይወርድ የነበረው ሊያርስ፣ ሊነግድ ወይም ሊያድን ሲሆን በጊዜው ደግሞ ይመለሳል። ቤቱም፣ ንስሐ አባቱም፣ የአባቶቹ መቃብርም ደጋ ነው። ቆላው የሥራ ቦታ እንጂ የማረፊያ ቦታ አልነበረም። በመንገድ የቀረ ሰው የቀረው በዚያው ነው።

ይህ ማለት ግን ምድሩ ባዶ ነበር ማለት አይደለም። ጉሙዞች ከመተማ እስከ ቋራ ባለው ቆላ ከማንም ደገኛ ቀድመው ኖረዋል፤ ዛሬም መንደሮቻቸው እዚያው አሉ። የእነሱ ሙታን በራሳቸው ሥርዓት ተቀብረዋል። ስለ መተማ ቆላ "ጫካ መንጥረው አቀኑት" ተብሎ ሲወራ ከመንጣሪዎቹ በፊት የተቀበሩ ሰዎች እንደነበሩ ብዙ ጊዜ ይረሳል።

▪️ ወደ መካ ሲሄዱ የቀሩት

ከውጭ መጥተው በመተማ ሥር የሰደዱት የመጀመሪያዎቹ አቅኚዎች ተክሩሪዎች ናቸው። መነሻቸው ዳርፉርና ከዚያም ምዕራብ ያለው የአፍሪካ ምድር ነው። ወደ መካ ለሐጅ በእግራቸው ወጥተው በመንገድ ለስንቅ ሲሠሩ፣ ሲያርሱ፣ ሲነግዱ ከፊሎቹ እዚሁ ቀሩ። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ቤከር በ1854 ዓ.ም (በጎርጎርዮሳዊው 1862) ገላባት ሲደርስ ያገኘው በራሳቸው ሼህ የሚተዳደር፣ ማሽላና ጥጥ የሚያመርት፣ የታጠቀ የተክሩሪ ማኅበረሰብ ነው።

ተክሩሪዎቹ አንድ ጊዜ ለጎንደር፣ አንድ ጊዜ ለግብፅ፣ አንዳንዴም ለሁለቱም እየገበሩ ገበያውን ጠበቁ። የመተማ ገበያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያና በሱዳን መካከል ካሉት ሁሉ ትልቁ የንግድ በር ነበር። ቡና፣ ሰም፣ ማር፣ ከብት፣ ጥጥ ይሸጥበታል። ሰውም ይሸጥበት ነበር። ከደቡብና ከምዕራብ ኢትዮጵያ እየተነዱ የመጡ ባሪያዎች በዚህ በኩል ወደ ሱዳን ተሻግረዋል። ገበያው ላይ የዋጋ ተመን የነበራቸው እነዚህ ሰዎች ሲሞቱ ስማቸውን የሚጽፍላቸው አልነበረም።

ተክሩሪዎቹ ግን ማኅበረሰብ ነበሩ። ሼህ አላቸው፤ ጀናዛ የሚያወጣ፣ ቀብር የሚቆፍር፣ ዱዓ የሚያደርግ ጎረቤት አላቸው። ሐጅ ሊያደርግ ወጥቶ የቀረው ሰው አገሩ ባይደርስም በወገኖቹ እጅ አፈር ለብሷል። በቆላው የመጀመሪያውን ትምህርት የሚሰጡት እነሱ ናቸው። መጤ በአዲስ ምድር ሥር ሰደደ የሚባለው ቤት በሠራ ዕለት አይደለም፤ የሚቀብረው ጎረቤት ባገኘ ዕለት ነው።

▪️ 1881

በ1876 ዓ.ም በዓድዋ ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው የሂዌት ውል አፄ ዮሐንስ በማህዲስቶች የተከበበው የግብፅ ጦር በኢትዮጵያ በኩል እንዲወጣ ለመርዳት ተስማሙ። ገላባት ላይ የነበረው ጦርም ከወጡት አንዱ ነው። የዚህ ውለታ ዋጋ የተከፈለው ግን በኢትዮጵያውያን ደም ነው። ጥር 1880 ዓ.ም የማህዲስቱ አዛዥ አቡ አንጃ የጎጃሙን ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትን ደምቢያ ውስጥ ሳር ውኃ ላይ አሸንፎ ጎንደር ገባ፤ አብያተ ክርስቲያናቷን አቃጠለ፣ ብዙ ሰው ማርኮ ወሰደ።

አፄ ዮሐንስ በዓመቱ ጦራቸውን ይዘው መተማ ወረዱ። አቡ አንጃ ከጦርነቱ በፊት ሞቶ ስለነበር ከተማዋን የያዘው ዘኪ ጡማል ነው። መጋቢት 1 ቀን የኢትዮጵያ ጦር አጥሩን ሰብሮ ገባ፤ ድሉ እጃቸው ሊገባ በተቃረበበት ሰዓት ንጉሠ ነገሥቱ ተመቱ። ወሬው ሲሰማ ጦሩ ተፈታ። ሬሳቸውን ይዘው ወደ ትግራይ ለመመለስ የሞከሩትን ጥቂት ታማኞች ማህዲስቶች ከሁለት ቀን በኋላ አትባራ ወንዝ አጠገብ ደረሱባቸው። ራስ አርአያን ጨምሮ የቀሩት ሬሳውን ከበው ሞቱ። ከዚያ በኋላ የሆነው ከላይ የተነገረው ነው።

በዚያ ቀን ከሁለቱም ወገን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሰው ወድቋል። ማን የት እንደተቀበረ የሚያሳይ ዝርዝር የለም። የትግሬው፣ የጎንደሬው፣ የወሎው ገበሬ ወታደር ሬሳ በሜዳው ላይ ከማህዲስቱ ሬሳ ጋር ተቀላቅሎ ቀረ። የንጉሡን ሬሳ ለማዳን ሰዎች ሲሞቱ የገበሬውን ሬሳ የሚያነሳ ማን ይኖራል? ቤተሰቡ ደጋ ላይ ሬሳ የሌለበት ለቅሶ ተቀመጠ፤ እናት በልብሱ አለቀሰች።

ድንበሩ የተሰመረው ከ13 ዓመት በኋላ ነው። ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም በአፄ ምኒልክና በእንግሊዝ መንግሥት መካከል በተፈረመው ውል መተማ ለኢትዮጵያ፣ ገላባት ለሱዳን ሆኑ። በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዛዊው ሻለቃ ግዊን መሬት ላይ ምልክት እየተከለ ሄደ። የጦር ሜዳው ሙታን በዚህ ዓይነት ከሞቱ በኋላ በሁለት አገር ተከፈሉ።

▪️ 1933፦ ዝርዝር ያለውና የሌለው

መተማ ሁለተኛ ጦርነት ያየችው በጣሊያን ጊዜ ነው። ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም ጣሊያኖች ገላባትን ያዙ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም ብርጋዴር ዊልያም ስሊም የሚመራው 10ኛው የሕንድ ብርጌድ ገላባትን አስለቀቀ፤ መተማን ግን መያዝ አቃተው። የጣሊያን አውሮፕላኖች ደበደቡት፤ ታንኮቹ ተበላሹ፤ ስሊም አፈገፈገ። በኋላ በርማ ላይ ስሙ የገነነው ይህ ጄኔራል ስለ ገላባት ሲጽፍ ውሳኔው ትክክል እንዳልነበር አምኗል። ጣሊያኖች መተማን የለቀቁት ጥር 1933 ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ፕረሚንድራ ሲንግ ባጋት የተባለ ወጣት የሕንድ መሐንዲስ መኮንን ለቀናት እንቅልፍ ሳይተኛ ፈንጂ እየነቀለ ሄደ፤ የቪክቶሪያ መስቀልም ተሸለመ።

እዚህ ላይ ያለው ልዩነት አስተማሪ ነው። በእንግሊዝ ሠራዊት ሥር የሞተው ሕንዳዊ ወይም እንግሊዛዊ ወታደር ከኋላው መዝገብ ነበረው። በ1909 ዓ.ም (በጎርጎርዮሳዊው 1917) የተቋቋመው የጦር መቃብሮች ኮሚሽን መመሪያው አጭር ነው፤ ጄኔራልም ሆነ ተራ ወታደር እያንዳንዱ ሟች በስሙ ይታወሳል። ሬሳው የተገኘው በስሙ ድንጋይ ቆመለት። ሬሳው ያልተገኘው ስሙ ካርቱም ባለው መታሰቢያ ላይ ተቀረጸ። በእምነታቸው ሬሳቸው ለሚቃጠለው ሂንዱዎችና ሲኮች ሳይቀር ከረን ላይ የራሳቸው መታሰቢያ ተሠራ። ቅኝ ገዢ መንግሥት ለተገዢው ወታደር በሕይወቱ እኩልነት አልሰጠውም፤ ሲሞት ግን ስሙን ጻፈለት።

በሌላው ወገን መተማን ሲከላከሉ የነበሩት አብዛኞቹ ጣሊያኖች አልነበሩም፤ በጣሊያን መኮንኖች ሥር የተሰለፉ የቅኝ ግዛት ወታደሮች፣ አስካሪዎች ነበሩ። ከረን ባለው የጣሊያን ወታደሮች መቃብር ስፍራ በብዙ ድንጋዮች ላይ የተጻፈው ቃል "ያልታወቀ አስካሪ" የሚል ነው። መተማ አካባቢ የወደቁት ያንን እንኳ አላገኙም። በጎንደር በረሃና ደጋ ለአምስት ዓመት የተዋጉት አርበኞች ደግሞ ከቤተሰባቸው በቀር መዝጋቢ አልነበራቸውም። በአንድ ዓመት፣ በአንድ ሸለቆ፣ በአንድ ጥይት የሞቱ ሰዎች መዝገብ ያለውና የሌለው ተብለው ተለያዩ።

▪️ በእግር ወደ ኢየሩሳሌም

በ1969 ዓ.ም መተማና ሁመራ በኢዲዩና በደርግ መካከል የጦር አውድማ ሆኑ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ይህ ቆላ የስደት መንገድ ነው። ከቀይ ሽብር የሸሸ ተማሪ፣ ከብሔራዊ ውትድርና ያመለጠ ወጣት፣ ከድርቅ የሸሸ ገበሬ ሁሉም ወደ ሱዳን የሚሻገረው በዚህ በኩል ነበር።

ከእነዚህ ተጓዦች መካከል ቤተ እስራኤላውያን ነበሩ። ከደምቢያ፣ ከቋራ፣ ከአርማጭሆና ከሌሎችም ቦታዎች ሌሊት ሌሊት በእግራቸው እየተጓዙ ወደ ገዳሪፍ አካባቢ መጠለያዎች ደረሱ። ኡም ራኩባ በሚባለው ካምፕ በ1976 እና በ1977 ዓ.ም በበሽታና በረሃብ ብዙ ሰው አለቀ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ 1977 ዓ.ም በተካሄደው ዘመቻ ሙሴ ወደ 8 ሺህ የሚጠጉት በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በካምፕ የሞቱት ወደ 4 ሺህ እንደሚደርሱ ይገመታል።

በመንገድ የሞተውን ሽፍታና ወታደር ሳይደርስ በጥድፊያ ቀብረው ማለፍ ግድ ነበር። ድንጋይ ቢያቆሙ ምስጢሩ ይወጣል። ሕፃን የቀበረች እናት ተመልሳ የማታገኘውን ዛፍ ምልክት አድርጋ ሄደች። የዛሬው ትውልድ ወደዚያ ቆላ ቢመጣ የአያቱን መቃብር ሊያገኝ አይችልም።

የእነዚህ ሙታን ታሪክ ግን እዚህ አላበቃም። የተረፉት እስራኤል ከደረሱ በኋላ ለዓመታት ሲጠይቁ ቆይተው በጎርጎርዮሳዊው 2007 ኢየሩሳሌም በሚገኘው የሄርዝል ተራራ ለእነሱ ብሔራዊ መታሰቢያ ቆመ። በየዓመቱ በኢየሩሳሌም ቀን የመንግሥት ባለሥልጣናት በተገኙበት ይታሰባሉ። አጥንቱ መተማና ገዳሪፍ መካከል ነው፤ ዝክሩ ኢየሩሳሌም። በዚያው መንገድ፣ በዚያው ዓመት፣ በዚያው በሽታ ለሞተው ለሌላው ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ግን የሚዘክረው ቀንም ቦታም የለም።

▪️ የሰፋሪው የመጀመሪያ ቀብር

በ1995 ዓ.ም መንግሥት አዲስ የሰፈራ ፕሮግራም ጀመረ። ዕቅዱ በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በሦስት ዓመት ውስጥ 440 ሺህ አባወራ፣ በቤተሰብ ሲሰላ 2.2 ሚሊዮን ሰው ማስፈር ነበር። በአማራ ክልል መተማና ቋራ ዋና መስፈሪያ ሆኑ። መሬቱ ከተሸረሸረበትና ከጠበበበት ደጋ የመጣው ገበሬ እስከ 2 ሄክታር መሬት፣ የመጀመሪያ ወራት ስንቅ፣ የበሬ መግዣ ብድር ተባለለት።

በፕሮግራሙ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው አንድ ነጥብ ነበር። ሰፋሪው ካልተስማማው መመለስ እንዲችል በትውልድ ቀዬው ያለው መሬት ለሦስት ዓመት በስሙ ይቆይለታል። በወረቀት ላይ ጥሩ ዋስትና ነው። በተግባር ግን ለሦስት ዓመት አንድ እግሩ ደጋ፣ አንድ እግሩ ቆላ የሆነ ሰው ፈጠረ። የቆላውን ቤት በሣር ይሠራል፤ ልቡ ግን ደጋ ነው። ወባ ሲጠናበት ከፊሉ ተመለሰ፤ ከፊሉ ቀረ።

የቀረው ሰው የቀረበትን ምክንያት ቆጥሮ ሲናገር መሬቱን፣ ሰሊጡን፣ የከብቱን ግጦሽ ይጠራል። ከዚያ ውጭ ያለው ምክንያት ግን መቃብር ነው። ልጁን ወይም ሚስቱን ቆላ ላይ የቀበረ ሰው ጥሎ መሄድ ይከብደዋል። በደጋው ሥርዓት ክርስቲያን የሚቀበረው በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ነው። አዲስ መንደር ላይ ደግሞ ቤተ ክርስቲያን ገና የለም። ስለዚህ የመጀመሪያው ሞት መንደሩን ያልተዘጋጀበት ጥያቄ ውስጥ ይከተዋል። ሬሳውን ተሸክሞ ሩቅ ወዳለው አጥቢያ መሄድ ነው ወይስ እዚሁ ቦታ ከልሎ መቅበር? ካህን ከየት ይመጣል? ሙስሊሙስ ከማን ጋር ይቀብራል? ከሰሜን ወሎ የመጣው፣ ከዋግ የመጣው፣ ከጎጃም የመጣው ለመጀመሪያ ጊዜ አንድ ላይ ተቀምጦ የሚመክረው በዚህ ጉዳይ ነው። የእድር ጅማሬም ይኸው ነው። ዳሱ፣ ወንበሩ፣ ጀበናው፣ መቃብር ቆፋሪው፣ አርዶ አብይው ይደለደላል። በመንግሥት ዕቅድ ላይ በቁጥር የነበረ መንደር ሰው የሚተዛዘንበት መንደር የሚሆነው ያኔ ነው።

እነዚህ መቃብሮች ግን ደካማ ናቸው። የመተማ ጥቁር ዋልካ አፈር ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ ክንድ በሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ አፈር ላይ የተቆለለ የመቃብር አፈር ጥቂት ክረምት ካለፈበት ከሜዳው አይለይም። ድንጋይ እንደ ደጋው በየቦታው አይገኝም፤ የእንጨት መስቀል ምስጥ ይበላዋል። መቃብሩ ካልታጠረ ከብት ይገባበታል፤ በወረቀት ካልተያዘ ደግሞ ትራክተር ይገባበታል። ሰሊጥ ውድ ሲሆን የማሳ ድንበር በየዓመቱ አንድ አንድ ትልም እየገፋ ይመጣል።

▪️ "ወሎዬው" ተብሎ የተቀበረ

ከሰፋሪውም በታች ያለው ሳሉግ ነው። ሳሉግ በመተማና በሁመራ ቆላ ከእርሻ ወደ እርሻ፣ ከካምፕ ወደ ካምፕ እየዞረ የሚሠራ ወዛደር መጠሪያ ነው። ከእሱ ሌላ በሐምሌና በነሐሴ ለአረም፣ በመስከረምና በጥቅምት ለሰሊጥ አጨዳ ከደጋ የሚወርደው ቀን ሠራተኛ በመቶ ሺዎች ይቆጠራል። ሰሊጥ ከቡና ቀጥሎ አገሪቱ የውጭ ምንዛሪ ከምታገኝባቸው ዋና ዋና ምርቶች አንዱ ነው። ያንን ሰሊጥ ሳይረግፍ በጥቂት ሳምንት አጭዶ የሚከምረው ይህ ሰው ነው።

የሚተኛው ሜዳ ላይ፣ ግራር ሥር ነው። ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ደግሞ የምትኖረው በግራሩ ሥርና በዋልካው ስንጥቅ ውስጥ ነው። የመተማና የሁመራ ቆላ በኢትዮጵያ የዚህ በሽታ ዋና መገኛ ነው። ሕክምና ካላገኘ በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ ይገድላል። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ፣ የመተማ ሆስፒታል፣ አብደራፊ ላይ ደግሞ ድንበር የለሽ ሐኪሞች ለዓመታት ያከሙት በአብዛኛው ይህንን ሠራተኛ ነው። በሽታው ምን ያህል ሩቅ እንደሚሄድ በ1997 ዓ.ም ታይቷል። ከቆላው በጣም ርቆ በሚገኘው ሊቦ ከምከም ወረርሽኝ ተነስቶ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው ሲባል ቆየ፤ በምርመራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ። ወደዚያ የወሰዱት ከሰሊጥ እርሻ የተመለሱ ሠራተኞች ሳይሆኑ እንዳልቀረ ይታመናል።

ታሞ አገሩ የገባ ሰው ቢያንስ በአገሩ ይቀበራል። ካምፕ ላይ የሞተው ግን በሚያውቁት ሰዎች ዕድል ላይ የተንጠለጠለ ነው። በካምፕ ውስጥ ሰው ብዙ ጊዜ በአባቱ ስም አይጠራም፤ በአገሩ ይጠራል። ወሎዬው፣ ጎጃሜው፣ ቤተ አማራው። መታወቂያ የሌለው ብዙ ነው። ጓደኞቹ ሲያዝኑለት አዋጥተው ይቀብሩታል፤ አጨዳው ሲያልቅ እነሱም ይበተናሉ። በዓመቱ ወንድሙ ፎቶ ይዞ ቢመጣ የሚጠይቀው አንድም ሰው አያገኝም። ደጋ ላይ ያለው ቤተሰብ ሞቷል ብሎ ተዝካር አያወጣ፣ ይመጣል ብሎ ተስፋ አይቆርጥ። ሚስቱ ባል የሞተባትም ያላትም አይደለችም፤ መሬቱን ለማውረስ እንኳ የሞት ማስረጃ ይጠየቃል።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የመተማ በር በተቃራኒው ተከፈተ። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሱዳናውያን፣ ከስደት የሚመለሱ ኢትዮጵያውያንና የሌሎች አገሮች ዜጎች ገቡ። ኩመርና አውላላ ላይ መጠለያዎች ተተከሉ። በታሪክ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ገዳሪፍ ተቀበረ፤ አሁን ደግሞ ሱዳናዊው መተማ ይቀበራል። ያልተለወጠው ነገር የሟቹ ስም የት ተጻፈ የሚለው ጥያቄ ነው።

▪️ ምን ይደረግ?

መፍትሔው ሐውልት ማቆም ብቻ ነው የሚሉ አሉ። ለአፄ ዮሐንስና አብረዋቸው ለወደቁት የሚመጥን መታሰቢያ መኖሩ ተገቢ ነው። ሐውልት ግን የአንድ ቀን ምርቃት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ሟች አይመዘግብም። ለቆላው የሚያስፈልገው ከዚያ ያነሰና ከዚያ የከበደ ሥራ ነው።

አንደኛ፣ የሰፋሪ መንደሮች መቃብር በወል መሬትነት ተለክቶ በወረዳው መዝገብ ይግባ። የገበሬው ማሳ ካርታ ሲሰጠው የመቃብሩ ወሰን አብሮ ካልተሰመረ ነገ ማሳ ይሆናል። የቤተ ክርስቲያኑ፣ የመስጊዱና የጉሙዞቹም መቃብር እኩል ይለካ።

ሁለተኛ፣ የሞት ምዝገባ በሕግ አለ። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደትን፣ ጋብቻን፣ ፍቺንና ሞትን መመዝገብ ግዴታ አድርጓል፤ ሥራውም በ2008 ዓ.ም ማብቂያ ተጀምሯል። በቆላው ግን ልደቱን የሚያስመዘግብ ወላጅ አለ፤ የሳሉግን ሞት የሚያስመዘግብ ዘመድ የለም። ስለዚህ ግዴታው ሠራተኛውን ባሠራው ላይ መውደቅ አለበት። ለአጨዳ ሰው የሚቀጥር ባለሀብት የቀጠረውን ሰው ስም፣ የአባት ስም፣ የመጣበትን ወረዳና የቅርብ ተጠሪ በደብተር ይያዝ። ለቀን ሒሳብ ደብተር የሚይዝ ሰው ለዚህ የሚሆን አንድ ገጽ አያጣም።

ሦስተኛ፣ እድሮችና የሃይማኖት አባቶች እስካሁን በቃል የያዙትን ይጻፉት። በ1995 የሰፈሩት ሰዎች በሕይወት እያሉ የማን መቃብር የት እንዳለ የሚያውቁ አሉ። እነሱ ካለፉ ዋልካው የቀረውን ይጨርሰዋል።

እዚህ ላይ አንድ ስጋት መነሳቱ አይቀርም፤ ተገቢም ነው። በድንበር አካባቢ መቃብር መቁጠር የይገባኛል ጥያቄ ማስረጃ መሰብሰብ ይመስላል። ከ2013 ዓ.ም ኅዳርና ታኅሣሥ ጀምሮ የሱዳን ጦር ኢትዮጵያውያን ሲያርሱት የነበረውን የአልፋሽጋ መሬት ከያዘ ወዲህ ጉዳዩ ይበልጥ ስሱ ሆኗል። በአገር ውስጥም በቅርብ ዓመታት በአካባቢው በነበሩ ግጭቶች የእኛ ሟችና የእነሱ ሟች እየተባለ ተቆጥሯል። ቆላው ራሱ ግን ለዚህ መልስ አለው። በአንድ ሸለቆ ጉሙዝ፣ ተክሩሪ፣ የትግራይ ወታደር፣ ማህዲስት፣ ሕንዳዊ፣ አስካሪ፣ አርበኛ፣ ቤተ እስራኤል፣ የወሎ ሰፋሪና ሱዳናዊ ስደተኛ ተቀብረዋል። አጥንት የመሬት ባለቤትነት ቢያረጋግጥ ኖሮ መተማ የአሥር ሕዝብ ትሆን ነበር። መዝገቡ የሚያስፈልገው መሬቱ የማን ነው ለማለት አይደለም፤ ልጇን ለምትጠብቅ እናት መልስ ለመስጠት ነው።

ከ1881 ጀምሮ የመተማ ስም ሲነሳ የሚነሳው የንጉሡ መቃብር ማጣት ነው። ያንን ማንም አሁን ሊመልሰው አይችልም። በመጪው መስከረም ሰሊጥ ሊያጭድ የሚወርደው ልጅ ግን ገና በሕይወት አለ። ስሙን ከነአባቱ ስም መጻፍ የሚቻለው አሁን ነው።